ውሃ የሚመጣበት ሰዓት

ሠላሳ ዓመት የሲንጀር መርገጫ ሲረግጥ የኖረ እግር
ማታ ማታ ብቻውን ይሰፋል፤ የማይታይ ጨርቅ፣ የማይቋጭ ዳር።
ጉንዳን አይደለም፣ ቁርጥማት አይደለም፣ አጥንቴ ውስጥ የሚሄድ ነገር፤
ስራመድ የሚተወኝ፣ ጋደም ስል የሚጀምር።

ውብሸት በሁለተኛው ወር ፍራሹን ሳሎን አነጠፈ፤
«ካንቺስ ከበቅሎ ጋር ማደር ይሻላል» ብሎ ቀልዶ አለፈ፤
በሩን ግን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።
ያ ቀስታው ነው ያመመኝ።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፤ ከእኛ ወዲያ ማሳ ነው፣
ሌሊት የሚነቃው እኔና ጅቡ፣ አንዳንዴም ንፋሱ ነው።
ከወጥ ቤት እስከ በረንዳ አሥራ አንድ እርምጃ፣
ከበረንዳ እስከ ወጥ ቤት አሥራ አንድ እርምጃ፤
ስለዚህ ውሃ ሲመጣ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧውን መጀመሪያ ሳል ይይዘዋል፣
አየር ይተፋል፣ ዝገት ይተፋል፣ ከዚያ ይንቆረቆራል።
ደረጃውን ወርጄ በሩን ሁሉ እደበድባለሁ፤
ዘምዘም! ጉደታ! የተዋበች ቤት! «መጣ!» እላለሁ፤
ማን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም።
ጀሪካን ይንኳኳል፣ መብራት ይበራል፣
ብሎኩ በእኔ እግር ይነቃል።

ዶክተር ሊበን ስሙን ነገረኝ፤ «እረፍት የለሽ እግር»።
ሳቅሁ። የሐሜት ስም እንጂ የበሽታ አይመስልም ነበር።
የመጀመሪያዋ ክኒን ከምስር ክክ ታንሳለች፤
በሦስተኛው ሌሊት ግን እግሬን እንደ ሕፃን አስተኛች።
ስድስት ወር።
ከዚያ እግሬ በቀን መሄድ ጀመረ፣
አደባባዩ ጋ፣ ከሥጋ ቤቱ ቀጥሎ፣ ቁማር ቤት አዘወተረ።
ልጆች መሃል ነጠላዬን አጣፍቼ፣
«ማዘር፣ በማን ላስይዝልሽ?»
አገሩን የማላውቀውን ቡድን በማልያው ስፌት መርጬ፤
የዚፕና የክር መግዣ፣ የዕቁቡ ብር፣
የውብሸት ጡረታ፣ እኩሌታው።
ሕመሙም ማታን መጠበቅ ትቶ ከሰዓት በኋላ መጣ፣
አልበቃው ብሎ ከእግሬ ወደ ክንዴ ወጣ።
«ቁማር ጀምረዋል?» አለኝ ሐኪሙ፣ ካርዴን እንጂ ፊቴን ሳያይ።
ክኒን ይህን ያውቃል? የሰው ፈቃድ እንዲህ ይተረተራል ወይ?

በአንድ ጊዜ አይተውም አለ፤ ግማሽ፣ ከዚያ ሩብ፣
በጥልፍ መቀስ ስከፍላት፣ ፍርፋሪዋን በጣቴ ስሰበስብ።
እነዚያን አሥራ ሁለት ሌሊቶች አልጽፋቸውም።
ደረጃውን ጠይቁት።

አዲሱ ቢጫ ነው፣ ባለ ሽፋን፣ በወረፋ የተገዛ።
ጠዋት ወለሉ እንደ አሮጌ ታክሲ ይወዛወዛል፤
የመርፌው ዓይን ሁለት ይሆናል፣ ክሬ በውሸተኛው ይሾልካል፤
ቁርጭምጭሚቴ አብጦ የውብሸትን ነጠላ ጫማ እጎትታለሁ።
ትናንት መቀስ የሚለው ስም ጠፍቶኝ
ደንበኛዬን «ያን... የሚለያየውን» አልኋት፤
አቀበለችኝ።
ግን እተኛለሁ።

ማክሰኞ ሌሊት ውሃ መጣ፤
ሳል፣ ዝገት፣ ውሃ። ፈሰሰና ሄደ፤ ማንም አልወጣ።
ጠዋት ዘምዘም ባዶ ጀሪካን ይዛ በሬ ላይ ቆማለች፤
ልትወቅሰኝ መስሎኝ ዓይኔን ሰበርሁ፣
«ሞተሽ መስሎኝ» አለች።
«ተኝቼ ነው» አልሁ፣ እንደ ጥፋተኛ።
ዝም ብላ አየችኝ፣ ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀች፤
«በይ ተኚ፤ ውሃ ነው፣ ይመጣል»።

አሁን ውብሸት ስልኩን ለዘጠኝ ሰዓት ይሞላል፤
ማንኳኳት አያውቅበትም፣ ሰው ያልገባበትን ቤት ሁሉ ይደበድባል።
ፍራሹ ከሳሎን ወጥቶ ኮሪደሩ ደርሷል፤
ለምን አላልሁትም።

ትናንት ሌሊት የግራ እግሬ አውራ ጣት
አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተነቃነቀች።
ትንፋሼን ይዤ ሁለተኛውን ጠበቅሁ፤
ግድግዳው ውስጥ ቧንቧውን አሳለው።